እናቴ መርሳት ጀምራለች፤ ውክልናውን ለማን ትስጥ?

ጥያቄ፦

«የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ከሦስት ልጆች መካከለኛዋ እኔ ነኝ። አባታችን ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ከእናቴ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ። እናቴ 76 ዓመቷ ነው፤ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ መርሳት አብዝታለች። መጀመሪያ እርጅና ነው ብለን አለፍነው። በቅርቡ ግን የጡረታ ብሯን አውጥታ የት እንዳስቀመጠችው ጠፋባትና ቤት የምታግዘንን ልጅ ‘ሰረቅሽኝ’ ብላ አስለቀሰቻት። ብሩ ከትራሷ ልብስ ውስጥ ተገኘ። የመብራት ሂሳብ ሁለት ጊዜ ከፍላ የውሃውን ሳትከፍል የቀረችበት ወርም አለ። በሌላ ቀን ደግሞ ያቺው የድሮዋ እናቴ ናት፤ የተማሪዎቿን ስም ከነአባታቸው ትጠራለች።

ታላቅ ወንድሜ ‘ሳይመሽ ጠቅላላ ውክልና ትስጠኝ፤ ነገ አእምሮዋ ቢከዳት ማንም ምንም መፈረም አይችልም’ ይላል፤ ወረቀቱንም አስጽፎ መጥቷል። ውጭ አገር ያለችው ታናሽ እህታችን ‘እሱ ውክልና ከያዘ ቤቱን ይሸጠዋል፤ ከዚያ ይልቅ አሁኑኑ ተሸጦ እንካፈል፣ እማዬ አንቺ ጋር ትኑር’ ባይ ናት። እናቴ ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ‘ቤቱ የእሷ ነው፤ የጦረችኝ እሷ ናት’ ስትል ተሰምታለች፤ እኔን ማለቷ ነው። የቤቱ ካርታ በአባቴና በእናቴ ስም ነው። አባቴ ሲሞት ምንም የተደረገ ነገር የለም።

የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ከዓመት በላይ የባንክ ካርዷን ይዤ ከማሽን ብር የማወጣላት እኔ ነኝ። ሁሉም የዋለው ለእሷ ነው፤ ደረሰኝ ግን የለኝም። ወንድሜ ነገ ቢጠይቀኝ ምን እመልሳለሁ? ስለ ኑዛዜና ስለ ውክልና ባነሳባትስ ሞቷን የምመኝ አይመስላትም?»

መልስ፦

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ወንድምሽ የሚፈልገውን ጽፈሽልኛል። እህትሽ የምትፈልገውን ጽፈሽልኛል። አንቺ የምትፈሪውንም ነግረሽኛል። እናትሽን ቁጭ አድርጎ ምን እንዲደረግላቸው እንደሚፈልጉ የጠየቃቸው ሰው ግን ደብዳቤው ውስጥ አላገኘሁም።

የምመልስልሽ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። ጡረታውም፣ ፊርማውም፣ የቤቱ ድርሻም የእሳቸው ነው። መርሳት ስለጀመሩ ብቻ መብታቸው ወደ ልጆቻቸው አልተላለፈም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ማንኛውም ሰው ችሎታ (በሕግ ፊት ለራሱ የመወሰንና የመፈረም አቅም) እንዳለው ይገምታል፤ «ችሎታ የለውም» የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። እርጅና ብቻውን ማንንም ችሎታ አያሳጣም። ወንድምሽ «ሳይመሽ» ማለቱ ትክክል ነው፤ ጊዜው ውድ ነው። ጊዜው የሚያስፈልገው ግን እናታችሁ እንዲወስኑበት ነው እንጂ ልጆች ተሻምተው እንዲያስፈርሟቸው አይደለም።

ከማንኛውም ወረቀት በፊት ሐኪም ይያቸው። በገንዘብ ዙሪያ መደናገር፣ ዕቃ ደብቆ መርሳት፣ ሰውን መጠርጠር የመርሳት በሽታ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፤ ዲሜንሽያ የሚሉት ነው። ነገር ግን የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒቶችም በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ያንኑ መልክ ይዘው ይመጣሉ። እነዚህ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው። ሊድን የሚችል ሕመም ይዘው ሳለ «አእምሯቸው ደክሟል» ተብሎ ንብረት ከእጃቸው ቢወጣ እንዴት ያለ በደል እንደሆነ አስቢው። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው ይዘሽ ሂጂ። የሐኪሙ ማስረጃ ሌላም ጥቅም አለው። እናትሽ ኑዛዜ ወይም ውክልና ሲፈርሙ የሚያደርጉትን ያውቁ እንደነበር የሚያሳይ የሐኪም ወረቀት፣ በተለይ ከፊርማው ቀን ጋር የተቀራረበ፣ ነገ ለሚነሳ ክርክር ትልቅ መከላከያ ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ ወረቀት ልምጣ።

ወረቀቱን አላየሁትም። እንዲህ ያለው ወረቀት ምን እንደሚል ግን ውልና ማስረጃ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ «በስሜ የሚገኘውን የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ፣ ስም እንዲያዛውር፣ ከማንኛውም ባንክ ገንዘብ ገቢና ወጪ እንዲያደርግ፣ እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ ሌላ ሰው እንዲወክል…» እያለ በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል። ለመሸጥም ለመብራት ሂሳብም ይኸው አንድ ወረቀት ነው የሚቀርበው። ጸሐፊው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቅጽ አውጥቶ ስም ብቻ ይቀይራል፤ ወካይዋ እያንዳንዷን መስመር ፈልገዋት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ሕጉ ግን ነጣጥሎ ነው የሚያየው። «ጠቅላላ ውክልና» ብቻውን የሚያስችለው የአስተዳደር ሥራ ነው፤ ኪራይ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ንብረትን መጠበቅ የመሳሰለው። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ ለመታረቅ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ ለመከራከር በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ወረቀቱ ውስጥ «እንዲሸጥ» እና «በዋስትና እንዲያስይዝ» የሚሉት መስመሮች የሚጨመሩት ለዚህ ነው። እናትሽ ልጃቸው ጡረታቸውን እንዲቀበልላቸውና ሂሳብ እንዲከፍልላቸው ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት፣ እነዚያ መስመሮች ይውጡ። ይህን መጠየቅ ወንድምሽን ሌባ ማድረግ አይደለም። ቅን ልጅ ጠባብ ውክልና ቢሰጠው ምንም አይጎድልበትም።

ወንድምሽ ያልነገራችሁ፣ ምናልባትም ራሱ ያልሰማው ነገር አለ። በውክልናው ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል፤ ቁጥር 2232 የሚለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ «ነገ አእምሮዋ ቢከዳት» ተብሎ ዛሬ የሚወሰደው ሰፊ ሥልጣን፣ የተፈራው ቀን ሲመጣ ጥያቄ ውስጥ የሚወድቅ ነው። ውክልና የሚጠቅመው እናትሽ አእምሯቸው ንቁ ሆኖ ጉልበት ወይም ዓይን ሲያንሳቸው፣ ባንክ ደጃፍ መሰለፍ ሲከብዳቸው ነው። ለዚያ ደግሞ የቤት ሽያጭ ሥልጣን አይፈለግም።

እኔ ብሆን የማማክራቸው እንዲህ ነው። ወረቀቱ የባንኩን ስምና የሂሳቡን ቁጥር ይጥቀስ። ተወካዩ ጡረታ እንዲቀበል፣ የመብራት፣ የውሃ፣ የሕክምና ክፍያ እንዲፈጽም ይፍቀድ። አንቺና ወንድምሽ ሁለታችሁም ተወካይ ሁኑ፤ ለወር ወጪ አንዳችሁ ብቻችሁን፣ ከዚያ ለሚያልፍ ገንዘብ ግን ሁለታችሁ በአንድነት እንድትፈርሙ ይጻፍ። ተወካይ ሂሳብ የማቅረብ ግዴታ እንዲሁም አለበት፤ ቢሆንም በየሦስት ወሩ ለእናትሽና ለሌሎቹ ልጆች በጽሑፍ ያቅርብ የሚል መስመር ይግባበት፤ ያኔ ማንም «ለምን ጠየቅሽኝ» ብሎ አይቀየምም። ተወካዩ ሥልጣኑን ሌላ ሰው ላይ እንዳያስተላልፍም ይገደብ። እናትሽ ውክልናውን በፈለጉ ቀን መሻር እንደሚችሉ ደግሞ በግልጽ ይነገራቸው፤ «አልሽርም» የሚል ቃል ቢጻፍበት እንኳ አያስራቸውም። ሲሽሩ ዋናውን ወረቀት ከተወካዩ ይቀበሉ፤ ለባንኩም በጽሑፍ ያሳውቁ። የተሻረ ውክልና በሰው ኪስ ሲቀር ብዙ ጣጣ ያመጣል።

ለፊርማ ስትሄዱ የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። የውልና ማስረጃ ሠራተኛዋ እናትሽን ትጠይቃቸዋለች፦ ይህ ወረቀት ምንድን ነው? ለማን ነው የሚሰጡት? ምን እንዲያደርግልዎ? ይሄኔ ከጎን ሆኖ «እማዬ፣ ለእኔ እንደሆነ ንገሪያት» የሚል ልጅ ሁልጊዜ አለ። ያ ልጅ አንቺ አትሁኚ፤ ወንድምሽም አይሁን። ራቅ ብላችሁ ቁሙ። መነጽራቸውን ይዘው ይሂዱ፤ የሚነቁበትን ሰዓት ምረጪ፤ ብዙ አረጋውያን ጠዋት ጠዋት ይሻላቸዋል። ወረቀቱ ይነበብላቸውና በራሳቸው አንደበት ይመልሱ። መመለስ ካቃታቸው ያን ቀን አይፈርሙ፤ ሌላ ቀን ይመለሳሉ። መውጣት የማይችሉ ከሆነ ሠራተኞቹ ካሉበት ድረስ መጥተው እንዲያስፈርሟቸው ማመልከት ይቻላል።

ስለ ቤቱ ሦስታችሁም ያላያችሁት ጉዳይ አለ፤ አባታችሁ። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ካርታውም በሁለቱ ስም ነው። ስለዚህ አባታችሁ ባረፉበት ቀን የቤቱ ግማሽ የእናታችሁ ሆኖ ቀረ፣ ሌላው ግማሽ የአባታችሁ ውርስ ሆነ። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፤ በእኛ ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ የራሷን ግማሽ ትወስዳለች እንጂ። የአባት ድርሻ በቅድሚያ የሚሄደው ለልጆች በእኩል ነው። አባታችሁ ኑዛዜ ካልተዉ በስተቀር ግማሹን ሦስታችሁ ወርሳችኋል፤ አንቺም፣ ወንድምሽም፣ ውጭ ያለችው እህትሽም።

ከዚህ ብዙ ነገር ይፈታል። ወንድምሽ ከእናቱ ምንም ዓይነት ውክልና ቢይዝ የእናንተን ድርሻ በዚያ ወረቀት መሸጥ አይችልም። እህትሽም «ይሸጥ» ስትል መሸጥ የምትችለው የራሷን ድርሻ እንጂ የእናቷን አይደለም። እናትሽም «ቤቱ የእሷ ነው» ሲሉ ሊሰጡሽ የሚችሉት የራሳቸውን ግማሽ ነው። የአባታችሁን ውርስ ጉዳይ አሁን ጨርሱት። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጡ። የውርስ መብት የሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ አለውና ስድስት ዓመት የተኛ ጉዳይ ከዚህ በላይ አይተኛ። ማስረጃ አወጣን ማለት ቤቱ ነገ ይከፈላል ማለት አይደለም። እናታችሁ በሕይወት እስካሉ ሳይከፈል እንዲቆይ፣ እሳቸውም ማንም ሳያስነሳቸው እንዲኖሩበት ሦስታችሁ ተስማምታችሁ በጽሑፍ ማስፈር ትችላላችሁ። ብታደርጉት ደስ ይለኛል። እህትሽ እዚያው ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ፈርማ ልትልክ ትችላለች፤ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ይመዘገባል።

«አሁኑኑ ተሸጦ እንካፈል» የሚለውን ሐሳብ እቃወመዋለሁ። በራሳቸው ቤት ያረጁ ሴት፣ መርሳት በጀመራቸው ሰዓት፣ የለመዱት በርና መስኮት ጠፍቶባቸው በልጃቸው ቤት እንግዳ ይሆናሉ። መርሳት የጀመረውን ሰው ደግሞ ቦታ መቀየር ይበልጥ ሊያደናግረው ይችላል። ቤቱን በስጦታ ለአንዱ ልጅ አዛውሮ «ከጣጣ መዳን» የሚባለውንም አትስሙ። ያ ልጅ ነገ ቢፋታ፣ ዕዳ ቢገባ፣ ቢሞት የእናትሽ ጣሪያ የሌሎች ሰዎች ክርክር ውስጥ ይገባል። የቤት ሽያጭ ተገቢ የሚሆነው ለእሳቸው ሕክምናና ኑሮ ሌላ ገንዘብ ሲጠፋ፣ እሳቸውም ሲፈልጉ ነው። ያኔም የእሳቸው ግማሽ ብር የእሳቸው ነው፤ ልጆች የሚካፈሉት አይደለም።

ወደ ኑዛዜው። ሰው በተሰበሰበበት የተነገረው «ቤቱ የእሷ ነው» የእናት ምስጋና ነው፤ በሕግ ፊት ግን ኑዛዜ አይደለም። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ሞት መቅረቡን ያወቀ ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት የሚናገረው ነው፤ የቀብሩን ሥርዓት፣ ስለ ልጆች አሳዳጊነት፣ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታን ለመሳሰለው ብቻ የተፈቀደ ነው። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ይቀራል። ቤት በዚህ መንገድ አይተላለፍም። ስለዚህ በዚያ ቃል ተስፋ ይዘሽ አትቀመጪ፤ ወንድምና እህትሽም በዚያ ቃል አይቀየሙሽ።

እናትሽ ማውረስ የሚፈልጉት ነገር ካለ ይጻፍ። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ እሳቸው ሊጽፉት ወይም ተናግረው ሌላ ሰው ሊጽፍላቸው ይችላል። ከዚያ በእሳቸውና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ የውልና ማስረጃ ሹም ወይም ዳኛ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። አሁን የምነግርሽን በደንብ ያዢው። መነበቡ ብቻ አይበቃም፤ በተናዛዥዋና በምስክሮቹ ፊት መነበቡና ቀኑ ራሱ ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። ቁጥር 881 ይህ ካልተደረገ ኑዛዜው ፈራሽ ነው ይላል። በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር መጉደል ወንድማማቾች ዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል፤ የሟች ፈቃድ ግልጽ ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ወድቋል። ሁሉም እዚያው፣ ወዲያው ይፈርሙ ወይም የጣት አሻራ ያኑሩ።

እናትሽ መምህርት ናቸውና «እኔው በእጄ እጽፈዋለሁ» ካሉም ይችላሉ። ያኔ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ይሁን፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይናገር፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ይኑርበት። እንዲህ ያለው ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል፤ ሣጥን ውስጥ የተረሳ ኑዛዜ እንደሌለ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ለእናትሽ የምመርጠው ግን በግልጽ የሚደረገውን፣ ያውም ውልና ማስረጃ ቀርበው ነው። ነገ ስለ አእምሯቸው ጥያቄ ሲነሳ፣ ፊት ለፊት ያነጋገራቸው የመንግሥት ሹም መኖሩ ብዙ ይረዳል።

ተጠቃሚዋ አንቺ ልትሆኚ ስለምትችይ ከዚህ ሥራ ራቂ። ጸሐፊውን አንቺ አታምጪ፣ ምስክሮቹን አንቺ አትምረጪ፣ ሲነበብ ክፍሉ ውስጥ አትቀመጪ። እናትሽ የሚያምኑት ዘመድ ወይም ጠበቃ ይያዘው። ላንቺ የበለጠ ለመስጠት ከፈለጉ ምክንያታቸውን በኑዛዜው ላይ ቢጽፉት ጥሩ ነው፤ ለሌሎቹም የሚገባቸውን ይጥቀሱ። በእኛ ሕግ ልጅን ከውርስ መንቀል በግልጽና በምክንያት የሚደረግ ነገር ነው፤ ስሙን ዘሎ በማለፍ አይሆንም። በጣም የተበላለጠ ክፍፍልን ያልተነቀለ ልጅ ሊከራከርበት ይችላል። ኑዛዜ ደግሞ ፍጹም የግል ተግባር ነው፤ ማንም ተወካይ፣ ምንም ያህል ሰፊ ሥልጣን ቢይዝ፣ በእሳቸው ስም ኑዛዜ ሊያደርግ፣ ሊለውጥ ወይም ሊሽር አይችልም። ለወንድምሽም ይህን ንገሪው።

ስለ ካርዱ የጻፍሽው ሆዴን በልቶታል፤ ያደረግሽው የፍቅር ሥራ እንደሆነ አልጠራጠርም። ቢሆንም ዛሬውኑ መልክ አስይዢው። እናትሽን ይዘሽ ባንክ ሂጂና የአንድ ዓመቱን የሂሳብ መግለጫ እሳቸው ይጠይቁ። ቤት ቁጭ ብለሽ ከእያንዳንዱ ወጪ ጎን ለምን እንደዋለ ጻፊ፦ የመድኃኒት፣ የሠራተኛዋ ደመወዝ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የቧንቧው ጥገና። የማታስታውሺውን «አላስታውስም» ብለሽ ጻፊ። ደረሰኝ አታፈላልጊ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሌለ ደረሰኝ አታሠሪ። ያላስታወስሽውን በሐቅ ያመለከትሽበት ዝርዝር፣ ሁሉም ቀዳዳ ከተደፈነበት ዝርዝር ይልቅ ይታመናል። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ደብተር ይኑርሽ፤ ቀን፣ የወጣው ብር፣ ለምን እንደወጣ፣ ደረሰኙ አለ ወይስ የለም፣ የእናትሽ ፊርማ። ያለፈውን ዝርዝር ወንድምሽ እስኪጠይቅሽ ሳትጠብቂ ለሁለቱም ላኪላቸው።

ሌላም ቀላል ነገር አለ። የእናትሽ ቁጠባ ካርድ በሌለው ሂሳብ ይቀመጥ፤ ካርድ ባለው ሂሳብ የወር ወጪያቸው ብቻ ይኑር። በስልክ «ከባንክ ነው» ብሎ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ቢደውል የሚጎዳው የወሩ ብር ብቻ ይሆናል። እናትሽ ካረፉ፣ ዕድሜ ይስጣቸው እንጂ፣ ከዚያች ሰዓት በኋላ በካርዱ አንድ ብር አይውጣ፤ ለቀብርም ቢሆን። ሂሳቡ የውርስ ንብረት ይሆናል፤ የጡረታ አበሉም በሞት የሚቆም ስለሆነ ወዲያው ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ከሞት በኋላ የተወሰደ አበል ይመለስ መባሉ አይቀርም።

ወሬውን እንዴት ልጀምረው ላልሽው፣ በሞት አትጀምሪ። በአባታችሁ ጀምሪ። «እማዬ፣ አባዬ ሲሞት የቤቱን ወረቀት ሳናስተካክል ቀረን፤ ዛሬ ሦስታችንም እየተጨነቅን ነው። አንቺ እንዴት እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?» በያቸው። ከዚያ ዝም በይ። ቶሎ ካልመለሱ አትሙይላቸው፤ ሐሳባቸው እስኪመጣ ጠብቂ። በአንድ ቀን ስለ አንድ ነገር ብቻ አንሺ፤ ዛሬ ጡረታው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቤቱ። በሠራተኛዋ ላይ የሆነውን ደግሞ እንደ ማስረጃ አታምጪባቸው፤ ያፈሩበት ነገር ነው፣ ካነሳሽው በሩን ይዘጉብሻል። ያሉትን በተመሳሳይ ቀን ደብተርሽ ላይ ጻፊው፤ ከሳምንት በኋላ መልሰሽ ጠይቂያቸው። ሁለቴ አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡ ሐሳባቸው የተቆረጠ ነው። ቢቆጡም አትደንግጪ፤ መምህርት ናቸው፣ ሲጠየቁ ማሰብ ያውቃሉ።

የፍርድ ቤቱ መንገድ የመጨረሻው ነው። ሕጉ በእርጅና ምክንያት የሚያደርገውን የማይረዳን ሰው በቁጥር 339 ይጠቅሰዋል፤ እንዲህ ያለ ሰው ጥቅሙ ካስገደደ ፍርድ ቤት ክልከላ (በራሱ ፊርማ ሕጋዊ ተግባር እንዳይፈጽም የሚል ትእዛዝ) ሊያደርግበትና ንብረቱን የሚጠብቅ ሰው ሊሾምለት ይችላል። ማመልከት የሚችሉት ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዶቹ ወይም ዐቃቤ ሕግ ናቸው። ክልከላ የተደረገበት ሰው ከዚያ በኋላ ኑዛዜ ማድረግ አይችልም፤ ከዚያ በፊት ያደረገው ግን ይጸናል። እናትሽ ዛሬ ያሉበት ደረጃ ለዚህ አያበቃም። አንድ ቀን ከደረሱ ግን በውክልና ወረቀት እየተጎተቱ እጃቸውን ይዞ ማስፈረም ሳይሆን፣ ይህን በር ማንኳኳት ነው ትክክለኛው። ያኔ ሦስታችሁ አንድ ሆናችሁ ብትቀርቡ ዳኛውም ሥራው ይቀልለታል።

ስላልጠየቅሽኝ አንድ ጉዳይም ልጨምር። እናት መጦር የአንቺ ብቻ ዕዳ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ልጆች ለተቸገረ ወላጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው ይላል፤ የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ያላቸው ክልሎች ውስጥ ከሆንሽ የክልሉን ሕግ ተመልከቺ። ወንድምሽን ክሰሺው ማለቴ አይደለም። ግን በስድስት ዓመት ውስጥ የተከፈለው የሕክምና ወጪ፣ ያቋረጥሽው ሥራ ካለ እሱም፣ በተነጋገራችሁ ቀን ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ። ከአሁን በኋላ ማን በወር ምን ያህል እንደሚያዋጣ፣ ማን ስንት ቀን እንደሚያስታምም ጻፉት። ውጭ ያለችው እህትሽ በጉልበት ባትችል በገንዘብ ትችላለች። የጦረ ሰው ድካሙን ውጦ ዝም ሲል፣ ቂሙ በውርስ ቀን ይፈነዳል።

ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካነሰሽ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ፤ ለአረጋውያንም ያገለግላሉ። ስትሄጂ የቤቱን ካርታ ቅጂ፣ የአባትሽን የሞት ማስረጃ፣ የወላጆችሽን የጋብቻ ማስረጃና ወንድምሽ ያስጻፈውን ረቂቅ ይዘሽ ሂጂ። ከተቻለም እናትሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ጥያቄውን እሳቸው ይጠይቁ። ወንድምሽም አብሮ ይምጣ፤ ጠበቃው የሚለውን ከአንቺ አፍ ሳይሆን በራሱ ጆሮ ይስማው።